በአልጋዬ ጠፍር ላይ ከደብረ ታቦር እስከ ሐሙሲት

በደሉ ይህ ነው። በጣሊያን ጊዜ፣ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ በዘገየበት ዓመት፣ እኔ ማርያምን ልሳለም በወጣሁበት፣ ትኋኑ እንዲረግፍለት ደጅ ፀሐይ ላይ ያወጣሁትን አልጋዬን ጠፍሩን ፈትተው ወሰዱት። የወሰደው መንገድ የሚለካ ጣሊያን ነው። የወሰደበትም ምክንያት የሞተር ሳይክሉ ሞላ ስለተሰበረ ነው። «በምን ሕግ ወሰድህ?» ብዬ ባስጠይቀው ሳቀ። መሳቁም ይጻፍልኝ።

አልጋ ለሌለው ሰው ጠፍር ቆዳ ነው። ለእኔ ግን አባቴ ሲድረኝ የሰጠኝ ቦራ በሬ ነው። በሬው አርጅቶ ሲታረድ ባሌ ቆዳውን በእጁ ቀድዶ፣ በእጁ ጠፈረው። ልጆቼን ሁሉ ወልጄ የታረስኩት እሱ ላይ ነው። ባሌም ነፍሱ የወጣችው እሱ ላይ ነው። አባቴ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይል ነበር፤ እኔም የዚያ ሰው ልጅ ነኝ።

ትምህርቴ የደጅ ትምህርት ነው። ወንድሞቼ ከየኔታ እግር ሥር ሲማሩ እኔ ከአጥሩ ውጭ ጥጥ እየፈተልኩ ሰምቼ ፊደል ለየሁ፣ ዳዊትም ደረስኩ። ጣሊያን ሳለ ይህን ያልጻፍኩት በነገሩ ውስጥ የዱር አርበኞች ስላሉበት ነው። አሁን ሄዷል። ከደብረ ታቦር ወጥታችሁ ለማታውቁ ጎረቤቶቼ ደግሞ፣ ቆላው ምን እንደሚመስል እግረ መንገዴን እነግራችኋለሁ። ብዙ አልቀረባችሁም።

ሰኞ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አልጋዬ አራት እግሩን ሰማይ ላይ ሰቅሎ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ እንደ ተገፈፈ በግ ተጋድሟል። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ «ጣሊያኑ ነው፤ አስረስም አብሮት ነበር» አለችኝ።

አስረስ የእህቴ ልጅ ነው። ምጽዋ ድረስ ወርዶ ቋንቋቸውን ተምሮ መጣና አስተርጓሚያቸው ሆነ። ከእነሱ ሱሪ ጋር አንገት መስበርንም ተምሯል።

ግቢያቸው ስደርስ ጣሊያኑ መሬት ላይ ተንበርክኮ በእኔ ጠፍር ሥራውን ይሠራል። ሲኞር ፒኖ ይሉታል፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ ሲነሣ ጉልበቱ የሚንቋቋ ሰው ነው። ሞተር ሳይክሉም እንደ ባለቤቱ አሮጌ ነው። በወጣትነቱ አገሩን የዞረበት፣ በመርከብ ጭኖ እዚህ ያመጣው ነው አሉ። ከጎኑ ሰው የሚቀመጥበት የብረት ገንዳ ተለጥፎበታል፤ የጣናን ታንኳ ስለሚመስል ሰዉ «ታንኳው» ይለዋል። ታንኳውን የሚያንሳፍፉት ሞላዎች በጋይንት መንገድ ተሰባብረዋል። እሱም በሞላው ፈንታ ጠፍሬን ከብረቱ ወደ ታንኳው፣ ከታንኳው ወደ ብረቱ እያመላለሰ ይወጥራል። ኮርቻውንም ጠፍሮታል።

«በሕግ አምላክ!» አልኩ።

ድንጋይ የሚሸከሙት ሠራተኞች ሁሉ ባሉበት ቆሙ። በእኛ አገር በሕግ አምላክ ከተባለ በኋላ የሚራመድ የለም። እሱ ግን ጠፍሩን መሳቡን ቀጠለ። ቀረብኩና የነጠላዬን ጫፍ ከኮቱ ቀበቶ ጋር ቋጠርኩት። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አይለያዩም፤ ይህን አባቶቻችን አቆይተውልናል። እሱ ነጠላ ከሌለው ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

«አስረስ፣ አልጋዬን በምን ሕግ እንደወሰደ ጠይቅልኝ።»

አስረስ ወዙ ጠፋ። «አክስቴ፣ በመድኃኔ ዓለም! ያስገድሉናል።»

«ጠይቅ ብዬሃለሁ።»

አስረስ የሆነ ነገር አወራ፤ ለጥያቄዬ ሲበዛ ረዘመብኝ። ጣሊያኑ ቋጠሮውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቀ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎም «ብራቫ፣ ማማ!» አለኝ።

«ምን አለ?»

«ነገ ባሕር ዳር እሄዳለሁ፣ አለቃዬ እዚያ ነው፣ አብረው ይምጡና እዚያ እንዳኝ አለ።»

«መልካም። ቋጠሮው አይፈታም።»

«ማታ ማታ እንኳ ይፈታ፣ አክስቴ!»

«ማታ ማታ ይፈታ። ቁራኛም ይተኛል።»

ማክሰኞ

በሶዬን፣ ድርቆሼንና ዳዊቴን ይዤ ማለዳ ደረስኩ። ጎረቤቶቼ ሊሸኙኝ መጥተው ነበር፤ ከፊሉ ያለቅሳል፣ ከፊሉ ይስቃል። አንዲቱ «አንቺ ሴት፣ ጣሊያን ይከሰሳል?» ብትለኝ፣ «አልጋ የሚወስድ ሁሉ ይከሰሳል» አልኳት።

ታንኳው ውስጥ ስገባ ጣሊያኑ ራሱ የነጠላዬን ጫፍ አንሥቶ ከቀበቶው ጋር ቋጠረው። ሁለት ጊዜ ስቦ መጥበቁንም አየ። ተከሳሽ ራሱን ሲያስር የዚያን ቀን አየሁ። ሰውዬው ሥርዓት የሌለው እንዳልሆነ ያን ጊዜ አሰብኩ፤ ያሰብኩትን እንዳልደብቅ ብዬ ነው የምጽፈው።

አስረስ ከኋላው ተፈናጠጠ፤ ወረድን። የእኛ በቅሎ ድንጋይ ስታይ እግሯን ታነሣለች። ይህ ግን ድንጋይ እየፈለገ ይረግጣል። ጠፍር ደግሞ ርሶ ነው የሚጠፈረው፤ ሰው ተቀምጦበት በጥላ ይደርቅና ልክ ይሆናል። እሱ ደርቆ ሳለ በጉልበቱ ወጥሮት ኖሮ እንደ ከበሮ ሆኗል። በየጉድባው እንደ ጤፍ በሰፌድ እየተነሣሁ እየወረድኩ ተበጠርኩ። መላውን አውቀዋለሁ፤ ግን አልነገርኩትም። ተከሳሽን የሚመክር ከሳሽ ምን ከሳሽ ነው?

አንድ ጠመዝማዛ ላይ ጭራሽ ከታንኳው ወጣሁ። ቋጠሮው ግን ጠብቋልና ጣሊያኑን ከኮርቻው ነቅሎ አመጣው። አስረስ ብቻውን ጥቂት ሄደና ከሞተር ሳይክሉ ጋር የታረሰ ማሳ ውስጥ ገባ። ማሳው ለስላሳ ነበር፤ ማንም አልተሰበረም። ባለማሳው ሞፈሩን ተሸክሞ መጣ።

እኔ እንደ ተቀመጥኩ፣ «በሕግ አምላክ፣ ዳኛ ሁነን» አልኩት። መንገደኛ ዳኛ አልሆንም አይልም። ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰማና ጣሊያኑን አየው፤ ሽጉጡን አየው።

«እመይቴ፣ እሱ ሽጉጥ ይዟል፤ እኔ ሞፈር ይዣለሁ። ይህን እያዩ ፍረድ ይሉኛል?»

«ፍረድ።»

«እንግዲያው ሽጉጡ ረቶዎታል።»

«ሽጉጥ መልስ አይሆንም» አልኩት። «በምን ሕግ ብዬ ጠይቄያለሁ፤ ያልመለሰልኝ አልረታኝም።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ሞተር ሳይክሉን በትከሻው ደግፎ አወጣልን። ጥሩ ክንድ አለው፤ ዳኝነቱ ግን ደካማ ነው።

ዓለም በር ላይ ሐሊማ የምትባል የጨው ነጋዴ ሚስት ቤት አደርን፤ ባሏ ጨው ሊያመጣ ሄዷል። ሐሊማ እስላም ናት። እኔ ደጇ ላይ ቆሜ ስግደረደር ነገሩ ገባትና፣ ከክርስቲያን ጎረቤቷ ድስት ተውሳ፣ «በእርስዎ ወገን ድስት የበሰለ ነው፣ እትዬ፤ ምስሩን ብቻ ነው እኔ የለቀምኩት» ብላ አቀረበችልኝ። ወገቤንም በሙቅ ጨርቅ አሸችልኝ። በእኛ ከተማ እንግዳ ስንቀበል ወንበር እናቀርባለን፤ ሐሊማ የእንግዳውን ኀፍረት ቀድማ አነሣች። ይህን ከእሷ ተምሬ ተመልሻለሁ።

ሌሊት ጣሊያኑ ገላውን እየፎከተ ነቃ። ትኋን ነው። በጠፍሩ እጥፋት ተደብቆ የቀረው ቀኑን ሙሉ ኮርቻው ላይ ሲያገኘው ውሏል። «አስረስ፣ ትኋኑም የእኔ ነው በለው፤ ፍርዱን ከዳኛው በፊት ጀምሯል በለው» አልኩ። አስረስ ተናገረ። ጣሊያኑ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣኝ። እንዲህ ያለ ቃል ተነግሮት እጅ የሚነሣ ሰው ምን ዓይነት ነው ብዬ ገረመኝ።

ረቡዕ

የዘገየው ዝናብ መጣ። ከዓለም በር ወርደን ፎገራ ሜዳ ስንገባ ሰማዩ እንደ ተቀደደ ስልቻ ፈሰሰ። የእኛ ጭቃ እግር ይይዛል። የፎገራ ጭቃ ግን እግሩን ይወርሳል።

ጠፍሩ ራሰ፤ የራሰ ጠፍር ደግሞ ይረግባል። ታንኳው ቀስ እያለ ወረደና እንደምትታቀፍ ዶሮ መሬት ላይ ተቀመጠ። ትናንት ሰማይ ያየሁ ሴት ዛሬ እያንዳንዱን ጠጠር በመቀመጫዬ ቆጠርኩ። ከዚያ ውሃው ገባ። ጣሊያኑ ወርዶ ጠፍሩን በጣቱ ነካ፣ ሳበ፣ ፀጉሩን ነጨ። ማክሰኞ የደነደነው ቆዳ ረቡዕ ሊጥ መሆኑ አልገባውም። ለአስረስ ጮኸ፣ አስረስ ለእኔ ጮኸ።

«አክስቴ፣ ምን ይሻላል ይላል።»

«እኔን ነው የጠየቀው ወይስ አንተን?»

«እኔን ነው።»

«እንግዲያው አንተ መልስለት።»

ጣሊያኑ ሊያባብለኝ ከቆርቆሮ ሥጋ አውጥቶ ሰጠኝ፤ በረቡዕ። ዳዊቴን አውጥቼ አሳየሁት። ቆርቆሮውን ሰብስቦ ወደ ኪሱ መለሰ፣ ለራሱም አልበላም። ለምን እንደተወው አላውቅም፤ ያየሁትን ግን ጻፍኩ።

ያገሬው ሰዎች በሬ ጠምደው አወጡን፣ አንዱ ሽማግሌም ቤቱ ወሰደን። የፎገራ ላም ቀንዷ አጭር፣ ጡቷ ትልቅ ነው፤ የእኛዋ ተቃራኒ ናት። ቢንቢውም እንደ ላሟ ደልቧል፤ የእኛ ብርድ ቢንቢ አያሳድግም። የሽማግሌው ሚስት የራሴን ቀሚስ አስወልቃ የራሷን አለበሰችኝ፣ ትኩስ ተልባ አጠጣችኝ። ጣሊያኑን ከጥጆች ጋር አስተኙት፤ ጥጆቹ አልተቃወሙም።

ሽማግሌውን ዳኛ ሁነን ብዬ ብጠይቀው እሳቱን ቆሰቆሰ። «እመይቴ፣ ነገ ጉማራን ሲሻገሩ ከእኔ የሚሻል ዳኛ አያጡም» አለኝ። ሚስቱ በእግሯ ጎሸመችው።

ሐሙስ

ፀሐይ ወጣ፤ ጠፍሩ ባዶውን ደርቆ እንደገና እንደ ከበሮ ሆነ። እየዘለልኩ ጉማራ ደረስኩ። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የሚለው ተረት ሁለቱም ባንድ ቀን ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጣሊያኑ ሱሪውን ሰብስቦ ሞተር ሳይክሉን በውሃው ይገፋል፤ እኔ ታንኳው ውስጥ ነኝ፣ ቋጠሮው እንዳለ ነው። ያን ጊዜ ከቁጥቋጦው ጎፈሬያቸው እንደ ጎጆ የገዘፈ ሰዎች ብድግ ብድግ አሉ። የጠመንጃ ቃታ ተሰማ። ጣሊያኑ እጁን ወደ ላይ አነሣ፤ ቀበቶው ሲነሣ ነጠላዬም አብሮ ተነሣ። አስረስ ከጀርባዬ ሊደበቅ ሞከረ፤ ግን እኔ አጭር ነኝ።

«በሕግ አምላክ!» አልኩ ከወንዙ መሐል።

«ማናት ይህች?»

«ከሳሽ ነኝ። ይህ ሰው ቁራኛዬ ነው። ክርክራችን ሳያልቅ የሚነካው ሰው ለሕግ ይጠየቃል።»

«እመይቴ፣ ጣሊያን ነው እኮ!» አለኝ አንድ ጎረምሳ።

«ጣሊያን መሆኑን ከአንተ በፊት ወገቤ አውቆታል።»

ከኋላቸው አለቃቸው ወጣ። ግራዝማች ዓለሙ ነው፤ ከጦርነቱ በፊት በወረዳችን ዳኛ የነበረ ሰው። በእናቱ ሠርግ ላይ እኔ ሙሽራዋን ካጀቡት አንዷ ነበርኩ።

«እመት ደብሪቱ! ጣሊያን አስረው ነው የመጡት?»

«አስሬ ነው።»

ወደ ሰዎቹ ዞረ። «እኛ ክረምት ከበጋ ዱር ለዱር ስንባዝን አንድ እንኳ አላሰርን። እሳቸው በነጠላ አሰሩ።»

ሾላ ሥር ተቀመጠ። «በላ ልበልሃ!» ብዬ ነገሬን ከቦራው በሬ ጀምሬ እስከ ጥጆቹ ድረስ አስረዳሁ። ግራዝማች አስረስን ጠራው። «ማተብህን ይዘህ ተርጉም። አንዲት ቃል ብትዘል አንተንም ከጣሊያን እቆጥርሃለሁ።»

አስረስ ማተቡን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልኩትን ተናገረ። ጣሊያኑ ሲሰማ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ቋጠሮውን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ብዙ ተናገረ፤ አስረስም መሬት መሬት እያየ ተረጎመ።

«እየተከሰስኩ መሆኔን አላወቅሁም ይላል። እሜቴ ጠፍሩን በስጦታ ሰጥተውኝ፣ ሐሙሲት ያለች ልጃቸው ዘንድ አድርሰኝ ብለውኝ መስሎኝ ነበር ይላል። ቋጠሮውም እንዳይወድቁ ነው ተብያለሁ፤ ማለዳ ማለዳ አጥብቄ የማስረው ለዚያ ነው ይላል። ወደውኝ መስሎኝ ነበር… ይላል።»

«ይህን ሁሉ ማን ነገረው?» አለ ግራዝማች።

«እኔ» አለ አስረስ።

ጠመንጃ የደገኑት ሁሉ በጠመንጃቸው ተደግፈው ሳቁ። ጎረምሳው መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔ አልሳቅሁም።

«ስጦታ የተባለው ከሰዓት ነው» አልኩ። «ጠፍሩ የተፈታው ጠዋት ነው። ሲፈታው በምን ሕግ ፈታው?»

አስረስ ተረጎመ። ጣሊያኑ ዓይኑን ወደ ጠፍሩ መለሰ።

«ጥያቄው ቆሟል» አለ ግራዝማች። «ፍርዱ ይህ ነው፦ ያንኑ ጠፍር መልሶ፣ በገዛ እጁ አልጋዎትን ይጠፍር። ጥያቄዎትንም በአስረስ አፍ ሳይሆን በገዛ አፉ ይመልስ። አሁን ዋስ ይጥራ። ዋስ ካጣ እዚሁ ይቀራል።»

እዚሁ ይቀራል ማለት ምን እንደሆነ ለጣሊያኑ መተርጎም አላስፈለገም። ዙሪያውን አየ። ከዚያ ሁሉ ሰው ለእሱ ዋስ የሚሆን ማን አለ? አስረስ ራሱ ዋስ ያስፈልገዋል።

እኔም አሰብኩ። ይህ ሰው እዚህ ቢቀር አልጋዬ በአጥንቱ ይቀራል፤ ጥያቄዬም መልስ ሳያገኝ አብሮት ይቀበራል። ደግሞም ፍርድ ተሰጥቷል፤ የተፈረደበት ሰው የሚፈጽምበት ዕድል ካላገኘ ፍርዱ ለምን ተፈረደ?

«እኔ ዋስ ነኝ» አልኩ።

«ከሳሽ ለተከሳሽ?» አለ ግራዝማች።

«ሌላ ሰው ካላችሁ አምጡ።»

አላመጡም። ግራዝማች የጣሊያኑን ሽጉጥ ከአፎቱ መዘዘ፤ ጎረምሳው ጫማውን አስወለቀ። «ይህ የዳኛ ነው» ተባለ። እሱን ለክርክር አላቀረብኩትም፤ አንድ ሰው ሁሉንም መከራከር አይችልም።

ሐሙሲት ገበያዋ ደምቆ ነበር። ጣሊያኑ በባዶ እግሩ ከእኔ ጋር ተቋጥሮ ሲገባ በርበሬ ሻጮቹ መስፈሪያቸውን ጣሉ። አንዷ «ባልሽ ነው?» አለችኝ። «የተፈረደበት ነው» አልኳት። «ያው ነው» አለችና ወደ በርበሬዋ ተመለሰች። እሱም ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ጫማ ገዝቶ አጠለቀ፤ ለሞተር ሳይክሉም አንድ ትልቅ የበሬ ቆዳ ገዛ። ባሕር ዳር መሄዱን ተወ። ሽጉጡ የት ገባ ቢለው አለቃውን ምን ይለዋል?

ዓርብ

ወገባችን ሁለታችንንም ከድቶን ስለነበር ወንዛዬ ፍል ውሃ ገባን። እዚያ የሴቱ መታጠቢያ ለብቻ፣ የወንዱ ለብቻ ነው። ፍርድ ተሰጠ እንጂ አልተፈጸመምና ቋጠሮ አይፈታም አልኩ። አስረስ ፀጉሩን ያዘ። በመጨረሻ ነጠላዬን በረጅም ገመድ ቀጠልነውና ገመዱ ከትልቁ ቋጥኝ በላይ አለፈ፤ እኔ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ። ውሃው ሲያቃጥለኝ ገመዱን ሳብ ሳደርግ እሱም ሳብ ያደርጋል። የሚታጠቡት ሴቶች በሳቅ ሊሰምጡ ደረሱ። ደብረ ታቦር እንዲህ ያለ ውሃ የላትም፤ በዚህ ብቻ እቀናባቸዋለሁ።

ስወጣ ጣሊያኑ አዲሱን ቆዳ ሊያለሰልስ ግማሹን ፍል ውሃው ውስጥ ነክሮታል። ቆዳ በፍል ውሃ ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ግማሹ ተኮማትሮ እንደ ደረቀ እንጉዳይ ሆኗል። ቆሜ አየሁት። አስረስን ቢያይ አስረስ ትከሻውን ነቀነቀ። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። አስረስ በመንገድ ያስተማረውን አማርኛ አንድ በአንድ እየለቀመ፣

«እመይቴ… እንዴት ነው?» አለኝ።

ሌላውን ግማሽ ከመንካቱ በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀኝ። የጠየቀ ሰው ይመለስለታል። የቀረውን ግማሽ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ አስነከርኩት፤ ከዳር ወደ መሐል እየዞረ አንድ ረጅም ጠፍር አድርጎ እንዲቀድደው አሳየሁት። የእኔን ጠፍር ከታንኳው ፈትቶ፣ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። አዲሱን ርሶ ሳለ ጠፈርነው። «ሲደርቅ ሸክም ይፈልጋል» አልኩ፤ ሁለታችንም አስረስን አየነው። አስረስ እስኪመሽ ጥላ ሥር ታንኳው ውስጥ ተቀምጦ ደረቀ። ከፍርዱ የእሱ ድርሻ ይህ ነው አልኩት።

ቅዳሜ

ስንመለስ ታንኳው በድንጋይ ላይ ሲሄድ ጣና ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር። ደመና ሲመጣ ጣሊያኑ ቆሞ ካፖርቱን አወለቀና ጠፍሩን ሸፈነበት፤ እሱ በሰበሰ፣ ጠፍሩ ደረቀ። ይህ የእሱ ሐሳብ ነው፤ ይጻፍለት። ዓለም በር ላይ ሐሊማ ቋጠሮውን አይታ «አሁንም ናችሁ?» ብላ ሳቀች፤ ያንኑ የጎረቤቷን ድስት እንደገና ተዋሰችልኝ።

ሽቅቡን ስንወጣ ብርዱ ፊቴን መታኝ። ቢንቢ የሌለበት አየር ይህ ነው አልኩ። የደብረ ታቦር ሰው ስለ ብርዱ ሲያማርር ከእንግዲህ አልሰማም።

እንደገና ሰኞ

እሑድ ሥራ የለም። ሰኞ ጠዋት ዋስ እንደመሆኔ ደጄ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ባይመጣ ጉማራ ወርጄ ለግራዝማች የምለው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ «ዋስ አድርጎሽ ጠፋ!» ልትለኝ ከንፈሯን እያሟሸች ነው።

መጣ። በእግሩ፣ በጎማ ጫማው፣ ያለ አስረስ። ቋጠሮውን ራሱ ቋጠረው። የነከርኩትን የቦራውን ጠፍር አነሣና መሬት ላይ ተቀምጦ ጀመረ። መጀመሪያ አጣመመው፤ አስፈታሁት። እንደገና ጀመረ፤ ደግሜ አስፈታሁት። ባሌ የጠፈረበትን አካሄድ በጣቴ እያሳየሁት፣ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፣ ከሰዓት በኋላ ጨረሰ። እጁ ደምቷል። አልጋውን ተጫንኩት፤ መልሶ ገፋኝ። ልክ ነው።

ነጠላዬን ግን አልፈታሁም። እሱም እንዳልፈታሁ አየ፤ ለምን እንዳልፈታሁም አወቀ። ተነሥቶ አልሄደም።

«በምን ሕግ ወሰድከው?» አልኩት፤ ቀስ ብዬ፣ እንዲገባው።

ሳቅ አልነበረም። ቃላቱን ሲፈልግ አየዋለሁ፤ ከአስረስ የተማረው ጥቂት ነው። በመጨረሻ በደማው እጁ ወገቡ ላይ ያለውን ባዶ የሽጉጥ አፎት መታ መታ አደረገ።

«ሕግ የለም፣ እመይቴ» አለኝ። «ይኼ ነበረ።»